የሕግ ምክር፦ የጓደኛዬ የጥልፍ ሳጥኖች እኔ ቤት ናቸው፣ ለማን ልስጣቸው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን የ64 ዓመት እናት ናቸው፣ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። አብረዋቸው ያደጉ ጓደኛቸው በሰኔ ሚካኤል ማግስት አርፈዋል። እኚህ ሴት ዕድሜ ልካቸውን ሲጠልፉና ሲፈትሉ፣ ሰው የሠራውን ጥሩ ነገርም እየገዙ ሲያስቀምጡ የኖሩ ናቸው። አራት ሳጥን ሙሉ የጥልፍ ቀሚስ፣ ባለ ጥበብ ኩታ፣ ሁለት ቡልኮ፣ በሙካሽ የተሠራ አንድ የድሮ ካባ፣ ከሐረርም ከጎጃምም የመጣ መሶብና ሙዳይ፣ ተፈትሎ ሸማኔ ጋ ሳይደርስ የቀረ ልቃቂት ሁሉ አለ። በየዕቃው ላይ በክር የታሰረች ብጣሽ ወረቀት አለች፣ ማን እንደሠራው፣ የት እንደተገዛ፣ አንዳንዷ ላይ ደግሞ «ለእገሊት» ይላል። «ጓደኛዬ ባለፈው ጥምቀት ቡና ላይ ‹እኔ ካለፍኩ ዋጋውን ለሚያውቅ ሰው አከፋፍይልኝ› ብላኛለች፣ ሁለት የማኅበር እህቶች ሰምተዋል፣ ልጆቿ ውጭ ስለሆኑ አይፈልጉትም፣ ትልቋ ልጇ በቮይስ ‹ማሚ ያለችውን አድርጊ› ብላኛለች፣ ከጋሼ ክፍል አውጥቼ ቤቴ አምጥቻቸዋለሁ፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው፣ ለሙዚየምና ጥልፍ ለሚማሩ ልጆች እንዴት ልስጥ?» ነው የሚሉት።

እናቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛ ማጣት ቀላል አይደለም። የሷ ልፋት ብል እንዳይበላው፣ ዋጋውን የማያውቅ ሰው እጅ እንዳይገባ መጨነቅዎ ደግሞ የሚያስመሰግን ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቁኝ ስለ ሙዚየም ነው፣ እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ያልነገሩኝ ነገር ነው።

«ትልቋ ልጇ» አሉኝ። ትልቋ ካለች ታናሽም አለ ማለት ነው። ስንት ናቸው? የት ናቸው? «አይፈልጉትም» ያሉትስ እነሱ ራሳቸው ነግረዎት ነው ወይስ ውጭ ስለሚኖሩ የገመቱት ነው? ደሞ «ከጋሼ ክፍል አውጥቼ» ብለዋል። ጋሼ ባለቤታቸው ከሆኑ በሕይወት አሉ? ካረፉስ ውርሳቸው ተጣርቷል? ከሌላ የወለዱት ልጅ አለ? ከደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደዋዛ አንድ መስመር ጣል አድርገዋል፣ «ሁለቱን ሙዳይ ለቅሶው ላይ ላገለገሉ ልጆች ሰጥቻለሁ» ብለው። አይቀየሙኝና እናቴ፣ ከሁሉም በፊት መጀመሪያ ላይ ሊነግሩኝ የሚገባው ይሄንን ነበር።

ሕጉን ቶሎ ልበለው። ኑዛዜ ከሌለ ንብረቱ የልጆች ነው፣ የሁሉም እኩል። ባል ወይም ሚስት በእኛ ሕግ ወራሽ አይደሉም፣ ግን በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ስለሚገመት ግማሹ ከውርሱ በፊት የሳቸው ነው፣ እሳቸው ከሞቱ የወራሾቻቸው። የሟች ዕዳ ካለም ቅድሚያ አለው። ይሄ በቃ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ላይ ልምጣ፣ እሱም «በቃሏ ሰጥታኛለች፣ ምስክር አለኝ» የሚለው ነው። ቢሮዬ የሚመጣው ሰው ግማሹ ይሄንን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ብዙውም በቅንነት ነው፣ ምክንያቱም በእኛ ባህል የሟች ቃል ከባድ ነው፣ አደራ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። ሕጉ ግን የሟችን ቃል የሚያየው በጣም በጠባብ በር ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ያውቃል፣ ሞቱ መቅረቡ የተሰማው ሰው ሁለት ምስክር ፊት ከተናገረ ይሆናል ይላል (አንቀጽ 892)። ግን በቃል ኑዛዜ ማድረግ የሚቻለው ስለ ቀብር ማዘዝ፣ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪ መናገር፣ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ መስጠት ብቻ ነው። 500 ብር! ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ያንን የሙካሽ ካባ ይቅርና አንዱን ጥልፍ ቀሚስ እንኳ አይገዛም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጊዜው ነው፣ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይፈርሳል (አንቀጽ 902)። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ጓደኛዎ ያረፉት ሰኔ 13፣ አምስት ወር አልፎታል። ሁለቱ የማኅበር እህቶች መስቀል ይዘው ቢምሉ እንኳ ያ ቃል በሕግ ፊት የለም።

«ታዲያ ስጦታ ነው እንበለው» ይሉኝ ይሆናል። ተንቀሳቃሽ ዕቃ በሕይወት እያሉ በእጅ ከተሰጠ ስጦታው ይጸናል፣ እውነት ነው። ግን «እኔ ካለፍኩ» ከተባለ ሕጉ እንደ ኑዛዜ ነው የሚያየው፣ ተመልሰን እዛው ነን። «ወክላኛለች» ካሉም ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ቁልፉ እርስዎ ጋ መሆኑ ደግሞ ዕቃውን እንዲጠብቁ የታመኑ ሰው ያደርግዎታል እንጂ ባለቤት አያደርግዎትም፣ እንዲያውም አደጋው እዚህ ጋ ነው፣ የተቀመጠብዎትን ዕቃ ለሌላ ሲሰጡ አንዱ ወራሽ ተነስቶ ዋጋውን ሊጠይቅዎት ይችላል፣ ከከፋም በእምነት ማጉደል ሊከስዎት ይሞክራል። አንድ ደንበኛዬ የሟች ጓደኛቸውን መጻሕፍት ልክ እንደ እርስዎ በአደራ ቃል አከፋፈሉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሹ ልጅ መጣ፣ ምስክሮቹ ደግሞ ፍርድ ቤት ሲቆሙ አንዱ «ለቤተ ክርስቲያን ስጥ ነው ያሉት» አለ፣ ሌላው «ለትምህርት ቤት» አለ፣ እኚያ ሰውዬ በጡረታ ዕድሜያቸው ብድር ገቡ። እሳቸው ሌባ አልነበሩም፣ ወረቀት ብቻ ነው ያልነበራቸው።

የወረቀቶቹ ነገር ላይ እለምንዎታለሁ፣ አንዷንም እንዳይበጥሱ። «ለእገሊት» የምትል ብጣሽ ብቻዋን ኑዛዜ አትሆንም፣ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚል፣ ቀንና ፊርማ ያለው መሆን አለበት። ግን ልጆቹ የእናታቸውን እጅ ጽሑፍ ሲያዩ ልባቸው ይለሰልሳል፣ ሙዚየምም ቢሆን ማን እንደሠራውና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቀሚስ ብዙም አይረባውም። እንዲህ በየዕቃው ወረቀት የሚያስር ሰው ደግሞ ደብተርም ሳይኖረው አይቀርም። ሳጥኖቹ ሥር፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ፣ የማኅበር ደብተሩ መሃል ይፈልጉ። ካገኙ ምንም አይጻፉበት፣ በስቴፕለር አይምቱት፣ እንዳለ ጠበቃ ጋ ይዘው ይሂዱ። አራት ምስክር ፊት ተነቦ የተፈረመ ወረቀት ከተገኘማ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል።

እስከዚያ ዕቃውን መጠበቅ ይችላሉ፣ መስጠት ግን አይችሉም። ከዕድሩ ሁለት ሦስት ሰው ይጥሩና ሳጥኑን እነሱ ፊት ከፍተው ይቁጠሩ፣ እያንዳንዱን ከነወረቀቱ ፎቶ ያንሱ፣ ዝርዝሩን ጽፈው ሁላችሁም ፈርሙበት፣ ኮፒውን ለልጆቹ ይላኩ። ጥልፉን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልለው እርጥበት ከሌለበት ያኑሩት፣ የወለደችኝ እናቴም የጥልፍ ሰው ስለነበረች እርጥበት ምን እንደሚያደርገው አይቻለሁ። የትልቋን ቮይስ እንዳያጠፉት፣ ግን ቮይስ ውክልና አይደለም። ወራሾቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ያውጡ፣ ውጭ ያሉት በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኢምባሲ በኩል ውክልና ይላኩ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ ይገባል። ውክልናው ላይ «ዕቃዎቹን በስጦታ እንዲያስተላልፉ» የሚል ቃል በግልጽ ይኑር፣ «ጉዳዬን እንዲያስፈጽሙ» የሚለው ጥቅል አነጋገር አይበቃም። የሁሉም ወራሽ ያስፈልጋል፣ የአንዷ ብቻ አይሆንም። ጋሼ ካሉም የሳቸው ፊርማ።

ይሄ ሁሉ ሲያልቅ ሙዚየሙ ቀላል ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ፎቶና ዝርዝሩን አያይዘው። ሁሉንም ላይቀበሉ ይችላሉ፣ የሚቀበሉትን በስጦታ ውልና በርክክብ ሰነድ ይስጡ፣ የጓደኛዎ ስም አብሮ እንዲጻፍም ውሉ ላይ ያስገቡ። ለሚማሩት ልጆችም በፊርማ ይሁን። ካባውን ግን ልጆቹ «እዚህ ላኪልን» ቢሉ እንኳ ሳይጠይቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት፣ በቅርስ አዋጁ (209/1992) መሠረት ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ መጀመሪያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳዩት።

የሰጧቸውን ሁለት ሙዳዮች ለማን እንደሰጡ ስምና ቀን አሁኑኑ ይጻፉ፣ ለወራሾቹም አይደብቁ። እኔ ከደብዳቤ ተነስቼ ነው የምናገረው፣ ሰነድ አላየሁም፣ ስለዚህ የሞት የምስክር ወረቀቱን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የተገኘውን ደብተርና የቆጠራውን ዝርዝር ይዘው አንድ ጠበቃ በአካል ሳያማክሩ አንድም ዕቃ ከቤት እንዳያወጡ። ሌሎቹን ልጆቿን ለማነጋገር ግን ጠበቃ እስኪያገኙ አይጠብቁ፣ ዛሬ ማታ ይደውሉላቸው። መጀመሪያ ስለ እናታቸው ያውሯቸው፣ የሳጥኖቹ ነገር ከዚያ ይመጣል።