የአዲስ አበባ አውቶቡስ ጉዳይ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ስምሪት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የአውቶቡስ ነገር ሲነሳ ጥያቄ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልመልስ። ለማታውቁኝ፣ አውቶቡስ ስምሪት ላይ ለብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ የትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም። ሁለት ነገር ከአሁኑ ልበል። ስለ ታሪፍ የምትጠይቁ መነሻና መድረሻ ጻፉ፣ "ታክሲ ስንት ነው" ለሚል ጥያቄ መልስ የለውም። ሌላው፣ "ከተማው ስንት አውቶቡስ አለው" አትበሉኝ። ዛሬ ጠዋት ስንቱ ወጣ፣ ስንት ምልልስ ሠራ ብላችሁ ጠይቁ።

የጀሞ ልጅ፦ ጋሽ ስምሪት እናመሰግናለን። በየጊዜው አዲስ አውቶቡስ ገባ ይባላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ጀሞ ያለው ሰልፍ ግን ያው ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተሰልፌ መክሲኮ ስደርስ ሥራ ረፍዷል። አውቶቡሱ የት ነው የሚገባው?

ስምሪት፦ ይሄን ማንሳትህ ደግ ነው፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አውቶቡስ የሚገዛበትና አውቶቡስ የሚሠራበት ገንዘብ የተለያየ ነው። ግዢው በካፒታል በጀት ወይ በብድር ነው፣ አንዴ ይፈቀዳል፣ ይገባል፣ ቴሌቪዥን ይቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ የሾፌርና የትኬት ቆራጭ ደሞዝ በየቀኑ የሚበላ ነው፣ እሱን ደግሞ ትኬቱ አይሸፍነውም፣ ምክንያቱም ታሪፉ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው እንዲሳፈር ተብሎ ሆን ተብሎ ዝቅ ያለ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ስለዚህ ልዩነቱን ድጎማ መሙላት አለበት። ድጎማው ሲያንስ ወይ ሲዘገይ ምን ይሆናል መሰለህ፣ ደሞዝ ማቆየት አይቻልም፣ ነዳጅ ካልቀዳህ አትወጣም፣ ለሌላ ቀን ሊተላለፍ የሚችለው ጥገና ብቻ ነው። ጥገና ደግሞ ዛሬ ብትተወው ዛሬ አይታወቅም፣ ከወራት በኋላ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ማታ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ አውቶቡሶቹ ይገባሉ፣ መካኒኩ ሾፌሮቹ የሞሉትን ቅጽ ያያል፣ አንዱ ላይ "ኮምፕሬሰር አየር አይሞላም" ተብሎ ተጽፏል። መጋዘን ሄዶ ይጠይቃል፣ የለም። ጥግ ላይ ጎማው ወልቆ በድንጋይ የቆመ አውቶቡስ አለ፣ ባትሪውን አብርቶ ከሥሩ ይገባና የሱን ኮምፕሬሰር ፈትቶ ለዚህኛው ይገጥማል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይሄኛው ይወጣል። የቆመው መጀመሪያ ሲቆም ችግሩ በሩ አልዘጋ ማለቱ ብቻ ነበር፣ አሁን ኮምፕሬሰርም የለውም፣ ቀጥሎ ዳይናሞው ይሄዳል፣ ከዚያ ራዲያተሩ፣ መዝገብ ላይ ግን እሱም "አንድ አውቶቡስ" ተብሎ ተቆጥሯል። ብዛት አትቁጠሩልኝ የምለው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ መለዋወጫው በዶላር ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያው የጥገና በጀት ከበፊቱ ግማሽ ያህሉን ዕቃ ብቻ ነው የምትገዛው። በየዘመኑ ደግሞ ሌላ ሥሪት ስለሚገባ፣ መርሴዲስ ነበር፣ ዳፍ መጣ፣ ከዚያ ቢሾፍቱ፣ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንም።

አያት 49፦ ከተማው ስንት አውቶቡስ አለው?

ስምሪት፦ ወንድሜ፣ መግቢያውን አንብብ።

ሳሪስ፦ አንበሳ ቀረ ወይስ አለ? ሸገርስ? ግራ ገባን

ስምሪት፦ አንበሳ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው፣ ሸገር በ2008 ዓ.ም. ነው የመጣው። ሁለቱ ተዋህደው የአዲስ አበባ ከተማ አውቶቡስ አገልግሎት ድርጅት ሆነዋል። ፐብሊክ ሰርቪስ ሌላ ነው፣ እሱ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያመላልሰው ነው።

የካ አባዶ ነዋሪ፦ እኛ ጋ ጠዋት ሰልፉ ኪሎ ሜትር ነው፣ ከመገናኛ የሚመጣው አውቶቡስ ግን ባዶውን ነው የሚመጣው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን በዛ አድርገው አይልኩም? የስምሪት ድክመት ነው የሚመስለኝ፣ ይቅርታ።

ስምሪት፦ ይቅርታ አያስፈልገውም፣ ይሄ የኔ ሙያ ነው፣ ዘርዘር ላድርገው። ባዶ የሚመጣው ሊያነሳችሁ ነው። ጠዋት ከተማው ሁሉ ከዳር ወደ መሐል ነው የሚሄደው፣ ማታ የዚያ ግልባጭ፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምልልስ ግማሹ ገቢ የሌለው ነው። ኮንዶሚኒየሙ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ሲሠራ መኖሪያው ወጣ እንጂ መሥሪያ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ አብሮ አልወጣም። ቅርብ ጊዜ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ወደ ዳር የተዘዋወረ ሰው ተጨመረ፣ በእግሩ ሥራ ይሄድ የነበረ ሰው አሁን ሁለት መኪና ይሳፈራል።

አሁን ሂሳቡን እዩት። አንድ መስመር ደርሶ መልሱ 1 ሰዓት ከሆነና በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ መላክ ከፈለግኩ 6 አውቶቡስ ይበቃኛል። መንገዱ ተዘጋግቶ ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት ሲሆን ለዚያው አገልግሎት 12 ያስፈልገኛል። 12 ከሌለኝ በ6ቱ በየ20 ደቂቃው ነው የምልከው፣ ያም ሲሆን ሰልፉ እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩም ሰነፍ ተብሎ ይሰደባል፣ ስምሪቱም ይሰደባል፣ አውቶቡሱ ግን ቆሞ ያለው የቤት መኪና መሐል ነው። ስለዚህ በዚያ መስመር ላይ የአውቶቡስ ብቻ የሆነ ረድፍ ተከልሎ ደርሶ መልሱን ወደ 1 ሰዓት ቢመልሰው፣ ያለ አንድ ዶላር 6 አውቶቡስ እንደመግዛት ነው። ይሄን ለማን እንዳልነገርኩ። ቀለም መቀባቱ አይበቃም፣ ሌላ መኪና እንዳይገባበት በአጥር ወይ በካሜራ መጠበቅ አለበት፣ ካልተጠበቀ በሳምንቱ ፓርኪንግ ይሆናል።

ባለ ሚኒባስ፦ የአውቶቡስ ረድፍ ሲከለል እኛ የት እንሂድ? የከተማውን ሕዝብ የሚያጓጉዘው እኮ ሚኒባስ ነው። አውቶቡስ ማታ ከመሸ በኋላ የለም፣ እኛ አለን።

የጀሞ ልጅ፦ አላችሁ? ማታ መንገድ ትቆራርጣላችሁ እንጂ። ከመገናኛ አያት የሚል ታፔላ ሰቅላችሁ ሲኤምሲ ላይ ውረዱ፣ ከዚያ እንደገና ሂሳብ።

ባለ ሚኒባስ፦ ሁሉንም በአንድ አትፈርጅ። የመኪናው ባለቤት ማታ ማታ ቁርጥ ገቢ ነው የሚጠይቀኝ፣ ነዳጅ ሰልፍ ግማሽ ቀን ይበላኛል፣ ተራ አስከባሪ አለ፣ ትራፊክ አለ፣ ልጆች አሉኝ።

ሜሪ ከሲኤምሲ፦ ልጅማ ሁላችንም አለን። እርጉዝ ሆኜ ሲኤምሲ ላይ በዝናብ አውርደውኛል።

ስምሪት፦ ቆይ ቆይ። እህቴ፣ የደረሰብሽ ልክ አይደለም፣ የሰቀለውን ታፔላ ያልጨረሰ ጥፋተኛ ነው። ግን ወንድማችን ያለውም ውሸት አይደለም። ታሪፉ በርቀት እርከን ነው የሚወጣው፣ ለአጭር መንገድ የሚከፈለው በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅሙ ይበልጣል፣ ስለዚህ አንዱን መንገድ ሁለት ቦታ የቆረጠ ሰው የበለጠ ያገኛል። ሰውየው ገቢው በሳፋሪ ብዛት እስከሆነ ድረስ ተቆጣጣሪ ብታቆምበት ተቆጣጣሪው ዞር ሲል ይቆርጣል። መፍትሔው ላይ እመለሳለሁ። ሚኒባስና አውቶቡስ አታጣሉ፣ ይሄ ከተማ ሁለቱንም ይፈልጋል።

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦ እኔ ያለሁበት ከተማ ዳሽ የሚባለው አውቶቡስ ከ2021 ጀምሮ በነጻ ነው፣ የኛ ሰው በብዛት ይጠቀምበታል። እዚያስ ለምን ነጻ አይሆንም?

ባለ ሚኒባስ፦ የአሜሪካን ነገር ተወን ባክህ

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦ ምን ችግር አለው ብናወራ? ሐሳብ ነው ያመጣሁት። እዚህም እኮ ነጻ ከመሆኑ በፊት በትኬት ይሸፈን የነበረው ትንሹ ነው፣ ቀሪው ከታክስ ነበር።

ሳሪስ፦ እዚያ ታክስ የሚከፍል ሰው አለ፣ እዚህ ደሞዝተኛው ብቻ ነው የሚቆረጥበት

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦ እናንተም የንብረት ግብር ጀምራችሁ የለ

የጀሞ ልጅ፦ እሱን አታንሳብን 😅

ስምሪት፦ ልጁ ያነሳው ቁም ነገር አለው፣ አትጩኹበት። ነጻ ማድረግ ለኛ አሁን አይሆንም፣ ምክንያቱም ችግራችን አውቶቡስ ላይ ቦታ ማጣት ነው፣ ነጻ ብታደርገው ሰልፉ ይረዝማል እንጂ አውቶቡስ አይጨምርም። ግን ከትኬት ውጭ ቋሚ የገቢ ምንጭ ያስፈልጋል የሚለው ትክክል ነው። የመንገድ ፈንድ የሚባል አለ አይደል፣ ከነዳጅ እየተቆረጠ ለመንገድ ጥገና የሚውል፣ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። መንገዱን የሚጠግን ቋሚ ገንዘብ አለን፣ መንገዱ ላይ ብዙ ሰው የሚጭነውን አውቶቡስ የሚጠግን ግን በየዓመቱ በጀት እየተለመነ ነው። ከፓርኪንግ ክፍያ፣ ከነዳጅ ከሚቆረጠው ትንሽ ድርሻ፣ ትልቅ ፌርማታና ተርሚናል አጠገብ ካለው የሊዝ ገቢ ተወስዶ ለአውቶቡስ ሥራ ማስኬጃ ብቻ የሚውል ቋት ቢኖር፣ የጥገናው ክፍል ለሚቀጥለው ዓመት ዕቃ ዛሬ ያዛል። ቋት የምለው ለሌላ ጉዳይ የማይነካ ማለቴ ነው፣ ካልሆነ ዋጋ የለውም።

እስከዛሬ ያለው ድጎማስ እንዴት ነበር ካላችሁ፣ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ ተብሎ በቴሌብር ሲሰጥ ቆየ፣ ቀስ በቀስም እየተነሳ መጣ። ሐሳቡ ለሁሉም ከመደጎም የተሻለ ነበር። ነገር ግን የሚደጎመው ሊትር ነበር። ሊትር ስትደጉም ነዳጁን የቀዳ ይጠቀማል፣ ሰው ይጫን አይጫን አታውቅም። ኪሎ ሜትር ደጉሙ ነው የምለው። ከተማው ለባለንብረቱ፣ አውቶቡስም ይሁን ሃይገር ይሁን ሚኒባስ፣ በተመደበለት መስመር በተመደበለት ሰዓት ለሮጠው ኪሎ ሜትር ይክፈለው፣ የሳፋሪው ትኬት ወደ ከተማው ይግባ፣ ጂፒኤሱ ይቁጠር። ያን ጊዜ ሾፌሩ ሲኤምሲ ላይ ማውረድ አይጠቅመውም፣ ባዶ መመለስም አይጎዳውም፣ ጠዋት የካ አባዶ ባዶውን የሚመጣው ሁሉ ተከፍሎት ይመጣል። ድጋፍ ሰጪ እየተባሉ በከተማው በውል የተሰማሩት አውቶቡሶች ለዚህ ጥሩ መነሻ ናቸው፣ ነገር ግን ያልሮጠው ኪሎ ሜትር ከክፍያው እንዲቀነስ ውሉ ጥብቅ መሆን አለበት።

ባለ ሚኒባስ፦ በኪሎ ሜትር ከተከፈለኝ ነገውኑ እፈርማለሁ፣ ግን በወሩ ይክፈሉ። ስድስት ወር ካስጠበቁኝ መኪናው ይሸጣል።

ስምሪት፦ እሱ ነው ነገሩ። ቋት የምለው ለዚህ ነው።

አያት 49፦ ባቡሩስ? ለምን ባቡር አይጨምሩም

ስምሪት፦ ባቡር የኔ ሙያ አይደለም፣ አጠር አድርጌ። በመስከረም 2008 ሲጀምር 41 ባቡር ነበረው፣ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ከዚያ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። መጀመሪያ የጻፍኩት ታሪክ ራሱ ነው፣ መግዣ ተገኘ፣ ማሠሪያ አልተገኘም።

ብርሃን፦ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሲገባ ግን ይሄ ሁሉ አይቀርም ወይ? ነዳጅ የለ፣ ዘይት የለ

ስምሪት፦ የነዳጁ ይቀራል፣ መብራቱ የራሳችን ውሃ ነው፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ባቡሩም ኤሌክትሪክ ነበር። ጎማ፣ ፍሬን፣ ባልስትራ፣ በር፣ እነዚህ ኤሌክትሪክም ቢሆን ያልቃሉ። ባትሪው ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሚቀየር ውድ ዕቃ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚጠራቀምለት ገንዘብ ከሌለ ያን ቀን ሁሉም አብረው ይቆማሉ። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዲፖ ላይ ሌሊቱን ሁሉንም ቻርጅ የሚያደርግ የመብራት መስመር መኖሩንም ጠይቁ። ስንት ገባ አትበሉ።

ሳሪስ፦ ቢአርቲ፣ ያ ለብቻው በተከለለ መንገድ የሚሄደው አውቶቡስ፣ መቼ ነው የሚያልቀው?

ስምሪት፦ ቀን አልሰጥም። ከጀሞ ዊንጌት ያለው መስመር በፈረንሳይ ልማት ድርጅት ድጋፍ ብዙ ዓመት የተወራበት ነው። ዳሬሰላምን እዩ፣ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ጀመሩ፣ መንገዳቸው ሸጋ ነው፣ በኋላ አውቶቡስ አነሰና ሰው ፌርማታ ላይ ተከማቸ፣ ዲፖውም ጎርፍ የሚገባበት ቦታ ነበር። መንገዱን ብቻ አትጠብቁ።

ሰሚት፦ ሰላም፣ ትራንስፖርት ለምን ተወደደ?

ስምሪት፦ ከየት ወደ የት? በምን?

ሰሚት፦ በአጠቃላይ

ስምሪት፦ በአጠቃላይ ለሚባል ጥያቄ መልስ የለኝም። መነሻና መድረሻ ጻፍ ብያለሁ።

ሜሪ ከሲኤምሲ፦ ጋሼ አንድ የመጨረሻ። ቅሬታ ስንጽፍ የሚሰማ የለም፣ እንዴት ብንጽፍ ነው ሥራ ላይ የሚውለው?

ስምሪት፦ ይሄን ሁሉም ያንብበው እህቴ። "አገልግሎቱ መጥፎ ነው" የሚል ደብዳቤ ስምሪት ክፍል ሲደርስ ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም። እንዲህ ጻፉ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ፌርማታው፣ የመስመሩ ቁጥር፣ አውቶቡሱ ላይ ያለው የጎን ቁጥር፣ ሚኒባስ ከሆነ ታርጋና ታፔላው ላይ የተጻፈው መስመር። "ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል በዚህ መስመር አንድም አልመጣም" ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ያን ዕለት የወጣው የስምሪት መዝገብ ላይ ሄዶ የሚያመሳክር ሰው አለ፣ መዝገቡ ሦስት ወጥቷል ካለና እናንተ አንድም አላየንም ካላችሁ፣ ሦስቱ የት እንደነበሩ አንድ ሰው መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል። አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ፌርማታ ላይ የምትቆሙ ተሰባስባችሁ በተከታታይ ቀናት ጻፉት። ለትራንስፖርት ቢሮም ለድርጅቱም ግልባጭ አድርጉ፣ ገቢ ያደረጋችሁበትን ቁጥር ያዙ።

አያት 49፦ እሺ ግን በግምት ስንት አውቶቡስ ይኖራል?

የካ አባዶ ነዋሪ፦ ወንድሜ ተወው በቃ። ይልቅ እኛ ፌርማታ የምትቆሙ ካላችሁ ከሰኞ ጀምሮ ሰዓቱን እንመዝግብ፣ እኔ ደብተር ይዤ እመጣለሁ።

የጀሞ ልጅ፦ ጀሞም እንጀምራለን። ጋሽ ስምሪት፣ የጎን ቁጥሩ የፊቱ ነው የኋላው?

ስምሪት፦ ሁለቱም ጋ አለ፣ አንድ ነው። ማታ ስለማይታይ ከመሳፈራችሁ በፊት የበሩ ጎን እዩት።