ካርድ ያልወጣላቸው እናት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ከልምምድ ስትወጣ አስቆመችኝና፣ «ጋሼ፣ በሕፃናት ልቀጥል ወይስ በአዋቂ? ሁሉንም የሚያይ ነርስ አንዱንም አያውቅም ይሉናል» አለችኝ። የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ከጅማ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር በረንዳው በሰው ተጨናንቋል። አንዲት እናት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው የልጅ ልጃቸውን አዝለው ገቡ። ልጁ ያስለዋል። ልብሱን ገልጬ ሰዓቴን እያየሁ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፤ 52 ሆነ። በዚያ ዕድሜ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ብለን ነው የምናክመው። መድኃኒቱን ሰጥቼ የመጀመሪያውን እዚያው ለልጁ በማንኪያ እንዲሰጡት አደረግኩ። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መሰለኝ።

ሴትየዋ ሲወጡ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። በኦሮምኛ፣ ራሳቸውን እንደሚከብዳቸው፣ ዓይናቸው ላይም ብልጭ ብልጭ እንደሚል ነገሩኝ። አንዱን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘውታል፤ እግራቸው አብጦ አልገባ ብሏቸዋል። የግፊት መለኪያው ከወንበሬ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። እኔ ግን፣ «ለእርስዎ ካርድ አልወጣም፣ እናቴ። ሌላ ቀን ካርድ ያውጡና ይምጡ» አልኳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁን ይዛ የመጣችው እናቱ ነበረች። ልጁ ድኗል፤ ጠረጴዛዬን ይደበድባል። «አያቱስ?» አልኩ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አፋቸውም ተይዞ ተኝተዋል አለችኝ። ለክቼ ቢሆን ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም። ግን የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ዓመታት አድፍጦ የሚቆይ ሕመም ነው፤ የሚገኘውም ሲለካ ነው።

ጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር ያቆራኘው በከንቱ አልነበረም። ጭቃ እየረገጥን ቤት ለቤት እንሄድ ነበር። ሕፃኑን በጨርቅ ከረጢት አድርገን የቤቱ ወራጅ ላይ ከተንጠለጠለ ሚዛን እንሰቅለዋለን፤ ቡናው እስኪፈላ መቀመጥ ግዴታ ነው። እየጠበቅን ሳለ የአያትየውን ሳል እንሰማለን፣ የታላቂቱን እርግዝና እናያለን። ይህን ሁሉ ተምሬ ነው እንግዲህ ካርድ የጠየቅኩት።

አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም ነርሶችን መርምረው እንዲያክሙ ማሠልጠን በ1965 እ.ኤ.አ. ሲጀምሩ፣ መነሻቸው የሕፃናት ጤና ነበር። ሙያው በኋላ ሰፍቶ፣ ዛሬ የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር የምትባለው ከጨቅላ እስከ አዛውንት ታያለች። አንዱንም አታውቅም የሚላችሁ ሰው፣ ይህን ለመቻል ስንት እንደሚጠና ያላየ ነው።

የዘንድሮ ልጆች ስፔሻሊስት ለመባል ትቸኩላላችሁ፤ ዓይናችሁም ከስልክ አይነቀልም። እውነቱን ልናገር ግን፣ አምና አንዲትን የግፊት ታማሚ ኢናላፕሪሏን ትቀጥል ስል፣ «የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነ እንጠይቃት?» ያለኝ ስልኩን የያዘው ተማሪ ነው። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ መድኃኒቱ ደግሞ ለፅንስ አደገኛ ነው። ወዲያው ቀየርንላት።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ምርጫሽን አሁን አትንገሪኝ። በገበያ ቀን አንድ ጤና ጣቢያ ዋዪ፤ ልጅ አዝለው የሚመጡትንም ግፊታቸውን ለኪ። የለካሽውን ጽፈሽ አምጪልኝና ቁጭ ብለን እናየዋለን።