ለክልል ምክር ቤት የበቃችው ጥቁር ሴት

ጥያቄ፦ ደሴ አስተምራለሁ። በካናዳ የክልል ፖለቲካ የተሳካላት ጥቁር ሴት አለች? ለሴት ተማሪዎቼ ልነግራቸው ፈልጌ ነው።

መልስ፦ አለች እንጂ እህቴ! ሮዝሜሪ ብራውን ትባላለች። ጃማይካ ተወልዳ በ1950 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ሞንትሪያል ገባች። ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ጥቁር በመሆኗ ክፍል የሚጋራት ጠፋ። በ1972 ግን ለብሪቲሽ ኮሎምቢያ ምክር ቤት ተመረጠች፤ በካናዳ ለክልል ምክር ቤት የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። እኔን በጣም የሚገርመኝ የ1975ቱ ነው፦ ኒው ዴሞክራቲክ ፓርቲን በአገር ደረጃ ልምራ ብላ ተወዳደረች፣ ፉክክሩ አራተኛ ዙር ድረስ ሄዶ በኤድ ብሮድቤንት ተሸንፋ ሁለተኛ ወጣች። ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ! ከዚያም ተስፋ ቆርጣ ቤቷ አልተቀመጠችም፣ እስከ 1986 ምክር ቤቱ ውስጥ ቆየች። ሴትን ዝቅ የሚያደርግ ነገር ከመማሪያ መጻሕፍት እንዲወጣም ታግላለች፤ ይሄን ለተማሪዎችሽ ሳትነግሪያቸው እንዳትቀሪ።