ስካነሩ አልተበላሸም፤ የሚልከው ፊደል አይደለም

ወንድሜ፣ አዲስ ስካነር ከመግዛትህ በፊት ይቺን አንብብ።

ጥያቄውን ላላያችሁት፦ ወንድማችን ቸርችል ጎዳና ላይ ላለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በኡቡንቱ የሽያጭ ሲስተም ሠርቷል። ሱቁ ራሱ አትሞ ዕቃው ላይ የሚለጥፈው ባርኮድ በእንግሊዝኛው ትንሹ ኤስ እና ኬ ይጀምርና 204 ይላል። ካሸሯ የደንበኛ ስም ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ስትቀይረው ግን ያው ባርኮድ «ስክ204» ሆኖ ይገባል። የሸጠለት ሰው ደግሞ «ስካነሩ ችግር አለበት፣ ቀይረው» ብሎታል።

ስካነሩ ምንም አልሆነም። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ላሉ ሱቆች ይህን መሰል ሲስተም እተክላለሁ፤ አማርኛና እንግሊዝኛ እያቀያየሩ የሚሠሩበት ቦታ ሁሉ ይሄ ነገር ይመጣል።

አብዛኛው የዩኤስቢ ባርኮድ ስካነር ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ «ኪቦርድ ነኝ» ብሎ ነው የሚገባው። ያነበበውን ኮድ ልክ ሰው እንደሚተይበው ቁልፍ በቁልፍ ይልካል፣ መጨረሻ ላይ ኢንተር ይመታል። ኪቦርድ ደግሞ ፊደል አይልክም። የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው የሚናገረው።

ሊኑክስ (የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ሲስተም) ይህንን የሚይዝበት መንገድ በጣም ግልጽ ነው። ቁልፍ ሲነካ ወይም ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚመዘግበው ትንሽ መልእክት ኢቨንት ይባላል። እያንዳንዱ ኢቨንት አራት ነገር አለው፦ ሰዓት፣ ዓይነት፣ ኮድ (ለምሳሌ የቁልፉ ቁጥር እንጂ ባርኮዱ አይደለም) እና ዋጋ (ምን እንደሆነ የሚነግር ቁጥር እንጂ ብር አይደለም)። በ64 ቢት ማሽን ላይ ይሄ ሁሉ 24 ባይት ነው፣ በቃ። ዓይነት 1 ማለት ቁልፍ ነው። ዓይነት 2 እንደ ማውስ ያለ አንጻራዊ እንቅስቃሴ፣ ዓይነት 3 እንደ ታች ስክሪን ያለ ቁርጥ ያለ ቦታ። ዓይነት 0 ደግሞ «እስካሁን የላክሁት አንድ ላይ ነው፣ አሁን ተጠቀሙበት» የሚል ማሳረጊያ ነው። ማውስ በሰያፍ ሲንቀሳቀስ የአግድሙና የቁመቱ ለውጥ ለየብቻ ይመጣሉ። ማሳረጊያውን ካልጠበቅክ መስመሩ ደረጃ ደረጃ ይሆንብሃል።

በዓይንህ እየው። ኢቭቴስት የሚባለውን ፕሮግራም ጫን፣ ከዝርዝሩ ስካነሩን ምረጥ፣ ባርኮዱን አንብብ። ለኤስ የሚወጣልህ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ዓይነት 4፣ ኮድ 4፣ ዋጋ 70016፤ ይሄ ስካነሩ ራሱ ለቁልፉ የሚጠቀምበት የዩኤስቢ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ዓይነት 1፣ ኮድ 31፣ ዋጋ 1፤ ቁልፍ 31 ተጫነ ማለት ነው። ከዚያ ማሳረጊያው። ሲለቀቅ ያው 31 በዋጋ 0 ይመጣል። ጣትህን ሳታነሳ ብትቆይ ኖሮ 2 እያለ ይደጋግም ነበር። ለኬ 37፣ ለኢንተር 28 ታያለህ። አሁን ኪቦርዱን አማርኛ አድርገህ ድገመው። አንድም ቁጥር አይለወጥም።

ስለዚህ «ስ» የምትፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። የካሸሯ ኪቦርድም የስካነሩም 31 ወደ ላይ ሲወጡ አንድ ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። ቋንቋ የሚመርጠው ክፍል ወንዙን እንጂ ምንጩን አያይም፤ አማርኛ ከተመረጠ ሁሉም አማርኛ ነው። መፍትሔው ሳይቀላቀል ከምንጩ መያዝ ነው።

እንዲህ አድርግ። ፕሮግራምህ የስካነሩን የኢቨንት ፋይል ራሱ ይክፈት። ፋይሉን ግን «ኢቨንት 5» በሚለው ቁጥሩ አትጥራው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወይም አንዱ ነቅሎ ሲሰካው ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። ዴቭ ውስጥ፣ ኢንፑት ሥር ባይ አይዲ የሚል ፎልደር አለ፤ እዚያ በስካነሩ ስም ታገኘዋለህ። ቀጥሎ ግራብ የሚባለውን ጥሪ ተጠቀም። ያኔ የዚያ ስካነር ኢቨንት ላንተ ፕሮግራም ብቻ ይመጣል፣ የካሸሯ ኪቦርድ ግን እንደ ወትሮው ይሠራል። ፕሮግራሙ ቢዘጋ መያዣው በራሱ ይለቀቃል። ከዚያ 31ን ወደ ኤስ፣ 37ን ወደ ኬ የሚመልስ ትንሽ ሠንጠረዥ ጻፍ፣ 28 ሲመጣ ኮዱ አለቀ በል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄንን ከልቤ ነው የምለው። ፋይሉ «ፈቃድ የለህም» ሲልህ ፕሮግራሙን በ«ሩት» (ሁሉም በተፈቀደለት ተጠቃሚ) አታስነሳው፣ ተጠቃሚውንም ኢንፑት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አትክተተው። እንደዚያ ካደረግክ ፕሮግራምህ ካሸሯ የምትጽፈውን ሁሉ፣ ፓስወርዷንም ጭምር ማንበብ ይችላል። በኡዴቭ (ሊኑክስ ላይ የተሰኩ መሣሪያዎችን ስምና ፈቃድ በሚወስነው ክፍል) ለዚያ አንድ ስካነር ብቻ ፈቃድ ስጥ።

ደረሰኝ የሚያትመው የፕሮግራምህ ክፍል ውስጥ ደግሞ ኢቨንት አታንብብ፤ ማንበቢያው ለብቻው ይሂድ። ከዘገየህ ማጠራቀሚያው ይሞላና ዓይነት 0፣ ኮድ 3 ይመጣልሃል። ያመለጠ አለ ማለት ነው። ግማሹን ኮድ ለመጠገን አትሞክር፣ ጣለውና «እንደገና አንብቢ» በላት።

ከላይ በአስተያየት «ስካነሩን ከሰው በፍጥነቱ ለየው፣ ሰው እንዲህ አይተይብም» ያላችሁ አላችሁ። እኔ አልመክርም። ማሽኑ ሲጨናነቅ ፕሮግራሙ ጋ የሚደርስበት ፍጥነት ይዛባል፣ ያኔ ዕቃ ሳይመዘገብ ያልፋል። ዊንዶውስ ላይ ላላችሁ ሮው ኢንፑት የሚባለው ኢቨንቱ ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ ይነግራችኋል፤ አንዱን ነጥሎ ለመያዝ ግን እንደ ሊኑክሱ አይመችም። እዚያ ከሆናችሁ የስካነሩን ማኑዋል እዩ፤ ብዙዎቹ አንድ ማስተካከያ ባርኮድ ሲያነቡ ኪቦርድ መሆናቸውን ትተው እንደ ሲሪያል ፖርት ይሠራሉ። ያኔ ራሱን ምልክቱን ስለሚልኩ ቋንቋው አይነካቸውም።

ስትጨርስ እንዲህ ፈትነው፦ ኪቦርዱን አማርኛ አድርግ፣ ከርሰሩን የደንበኛ ስም ላይ አቁም፣ ባርኮዱን አንብብ። የስሙ ቦታ ባዶ ሆኖ ዕቃው ሂሳቡ ውስጥ ከገባ ጨርሰሃል። የኡዴቩ መስመር አልሠራ ካለህ ኢቭቴስት መጀመሪያ ላይ የሚያወጣቸውን መስመሮች እዚሁ ለጥፋቸው፣ አብረን እናያቸዋለን።