«እኔ ሰነፍ አይደለሁም»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ሐኪም «የግራ ዓይኑ ሰነፍ ነው» ብሎ መነጽር አዘዘለት፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ደህናው ዓይኑ በቀን 2 ሰዓት እንዲሸፈን ነገረን። ልጁ ግን መሸፈኛውን ገና ሲያይ ያለቅሳል። «እኔ ሰነፍ አይደለሁም» ይለኛል። ውኃ ሲቀዳ ያፈስሳል፣ ኳስ መያዝ አይችልም፣ ቀለም ሲቀባ ከመስመር ይወጣል። እኔም ሳላውቅ «ፈዛዛ» እያልኩ ስቆጣው ነው የኖርኩት። አሁን ልጆች ሲጫወቱ ዳር ይዞ ማየት ጀምሯል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። ከውጭ ሲታይ ዓይኑ ደህና ስለሚመስል ብዙ ወላጅ የሚደርስበት ዘግይቶ ነው። ልጁም አይነግርሽም፤ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የሚያየው እንዲህ ነው፣ ሌላው ሰው ከእሱ የተለየ እንደሚያይ በምን ያውቃል?

ደግሞ ልጅሽ እውነቱን ነው። እሱም ዓይኑም ሰነፍ አይደሉም። የአንዱ ዓይን የመነጽር ቁጥር ከሌላው በጣም ሲለይ፣ ወይም አንዱ ዓይን ሲንሸዋረር፣ አእምሮ ጥርት ያለውን ምስል ይዞ ሌላውን ችላ ይላል። ችላ የተባለው ዓይን በደንብ ማየትን ሳይማር ይቀራል። ስለዚህ «ሰነፍ» የሚለውን ስም ልጁ ፊት ባታነሱት እመርጣለሁ። «አእምሮህ አንዱን ዓይን ብቻ ማዳመጥ ለምዷል፣ አሁን ሌላውንም እንዲያዳምጥ እያስተማርነው ነው» በይው። የ6 ዓመት ልጅ ይህን በደንብ ይገባዋል።

ውኃው የሚፈስሰውም በግድየለሽነት አይደለም። ርቀትን በትክክል ለመገመት ሁለቱ ዓይኖች መተባበር አለባቸው። እስቲ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሞክሪ። ክሩ የገባ ይመስልሻል፣ ግን በጎን አልፎ ሄዷል። እሱ ስለለመደው እንዳንቺ ግራ አይጋባም፣ ሆኖም እየበረረ የሚመጣ ኳስ፣ ዶቃ መሰካት፣ ደረጃ መውረድ፣ ሌላው ልጅ ሳያስብ የሚያደርገው ሁሉ ለእሱ ተጨማሪ ሥራ ነው። የማሰሮውን አፍ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አስነክቶ እንዲቀዳ አሳዪው። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን በዚያው ቀን ለውጡን ታያላችሁ።

ንባብም ላይ ዘገም ሊል ይችላል። ይህ ችግር ያለባቸው ልጆች ሁለቱም ዓይናቸው ተከፍቶ እንኳ ከእኩዮቻቸው ቀስ ብለው እንደሚያነቡ በጥናት ታይቷል። በትምህርት፣ በስፖርትና በጓደኝነትም ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ይሰጣሉ። ልጅሽ ዳር ይዞ የሚቆመው መጫወት ጠልቶ አይመስለኝም፣ መሳቂያ መሆን ሰልችቶት ነው። ለአስተማሪው ንገሪ። የመልስ ወረቀት ለመሙላት ጊዜ ይጨመርለት።

ወደ መሸፈኛው ስንመጣ፣ የሚያለቅሰው ስለሚያፍር ብቻ አይደለም። ደህናው ዓይን ሲሸፈን ዓለም ይደበዝዝበታል፣ ያስፈራል። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ 2 ሰዓቷን ቤት ውስጥ፣ ልጆች በማያዩበት፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ስዕል ወይም የሚወደውን ጨዋታ እየሠራ ያሳልፋት። በሽታው ከባድ ካልሆነ 2 ሰዓት እንደሚበቃ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል፤ በቀን 6 ሰዓት ከመሸፈን ያነሰ ውጤት አላመጣም። ቶሎ ይዳን ብለሽ በራስሽ ሰዓት እንዳትጨምሪ፣ ደህናው ዓይን ሊጎዳ ይችላል፣ ቀጠሮም አትዝለሉ። ጭራሽ እምቢ ካለ ደህናውን ዓይን ለጊዜው የሚያደበዝዝ አትሮፒን የሚባል ጠብታ አለና ሐኪሙን ጠይቂው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። እይታው ቢሻሻልም ርቀት የመገመት ችሎታው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ «ስትድን ጎበዝ በረኛ ትሆናለህ» ብለሽ ቃል አትግቢለት። ኳስ ካስጠላው ዋና ወይም ሩጫ ይሞክር።

ጥያቄ፦ የእኔ ልጅ 10 ዓመቷ ነው፣ ገና አሁን ነው የታወቀው። አልረፈደም?

መልስ፦ ከ7 ዓመት በፊት ቢጀመር ይሻል ነበር፣ ግን በሩ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ከ7 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸውና መነጽር ከመሸፈኛና ከጠብታ ጋር ከተሰጣቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ጥሩ መሻሻል አሳይተዋል። በዚህ ሳምንት ውሰጃት። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ሐኪሙ የሚናገረውን ሁሉ ስለምትሰማ፣ ከመግባታችሁ በፊት «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ቀድመሽ አስረጃት።