ቁርጥማት ሁሉ ብርድ አይደለም

ስለ መገጣጠሚያ ሕመም ከደረሱኝ ጥያቄዎች ዛሬ ለአራቱ እመልሳለሁ።

ከቢቸና፦ «እናቴ ጠዋት ጣቶቿ አልታዘዝ ይሏታል። እስከ አራት ሰዓት እንዝርት መያዝ አትችልም። ጎረቤቱ ሁሉ ብርድ ነው ይላል።»

እህቴ፣ ብርድ የያዘው እጅ እሳት ሲሞቅ ይፍታታል። የሁለቱም እጅ ጣቶችና አንጓ ካበጡ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ካልታጠፉ፣ ይህም ስድስት ሳምንት ካለፈው ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። እስቲ እጃቸውን እንደ ሰላምታ ያዢና የጣቶቻቸውን ሥር ከግራና ከቀኝ ቀስ ብለሽ ጨመቅ አድርጊ። አሟቸው እጃቸውን ከነጠቁሽ፣ ሳትዘገዩ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የውስጥ ደዌ ሐኪም ያያቸው። «ደሟ ኔጌቲቭ ነው» ብትባሉም በዚያ አትመለሱ፤ በሽታው እያለ ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ምልክት የማይገኝባቸው ሰዎች አሉ። አንዴ የተጣመመ ጣት በክኒን አይቃናም። የምቸኩለው ለዚህ ነው።

ከቡሬ፦ «41 ዓመቴ ነው። ኤኤስኦ ከፍ ብሏል ተብዬ በየወሩ መርፌ እወጋለሁ። ጉልበቴ ግን ያው ነው።»

ወንድሜ፣ ይህን ስሰማ ያመኛል፤ እንደ እርስዎ ያሉ ብዙዎች ናቸው። ኤኤስኦ የሚባለው የደም ምርመራ የሚናገረው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ቀደም ሲል ይዞዎት እንደነበር ነው። የጉልበትዎን ሕመም ምክንያት አይነግርም። የወር ፔኒሲሊን መርፌ የሚሰጠው ሩማቲክ ፊቨር (ከዚያ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ የመገጣጠሚያና የልብ በሽታ) ተመልሶ የልብ ቫልቭ እንዳይጎዳ ነው። ያ በሽታ ደግሞ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ሐኪምዎን «መርፌው ለምንድን ነው? ልቤስ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ታይቷል?» ብለው ይጠይቁ። ቫልቭዎ ተጎድቶ ከሆነ ግን መርፌውን እንዳያቋርጡ።

ከሞጣ፦ «ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ውሰድ ተብያለሁ። ሲብስብኝ በየቀኑ ብወስደውስ?»

በፍጹም! ሜቶትሬክሴት እንደ ሩማቶይድ ላለ በሽታ የሚሰጥ፣ የሰውነት መከላከያን የሚገታ መድኃኒት ነው። በየቀኑ የወሰደው ሰው መቅኔው ደም ማምረት ሊያቆም ይችላል፤ ሊሞትም ይችላል። የገበያ ቀንን መውሰጃህ አድርገው፣ አትረሳውም። አረቄውንም ተወው፤ ጉበትህን ሁለቱ አንድ ላይ ይጎዱታል።

ከዳንግላ፦ «ሉፐስ ነው ተብዬ ክኒን ጀምሬ ነበር። አሁን ጸበል ገብቻለሁ፣ ክኒኑን ልተወው?»

ሉፐስም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ጸበልሽን ተጠመቂ፣ ክኒኑንም ዋጪ። በተለይ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን ብዙ ሳምንት ከወሰድሽው በኋላ በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ ነው። ፀሐይ ሽፍታውን ስለሚያብሰው ጥላ ያዢ። በየቀጠሮሽም ሽንትሽ ይመርመር። ሉፐስ ኩላሊትን ሲጎዳ መጀመሪያ ላይ አያምም።