ሽያጬ ጨምሯል፣ ብሩ ግን የለም

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ገርጂ አካባቢ ከእናቴ የተረከብኩትን ሱቅ ዓምና ወደ ሚኒ ማርኬት ቀየርኩት። እቁብ ደርሶኝ ነበር፣ ከባንክም ተበደርኩ። አዲስ መደርደሪያ፣ ሁለት ፍሪጅና የባርኮድ ማሽን ገባ፤ ሁለት ሠራተኛም ጨመርኩ። ዱቤ አቆምኩ፣ በርበሬና ሽሮ መመዘንም ተውኩ። ድሮ በቀን 18,000 ብር ነበር የምሸጠው፣ አሁን 30,000 ደርሷል። ወር ሲያልቅ ግን የሚተርፈኝ ከድሮው ያንሳል። ሠራተኞቹን ሁሉ ጠርጥሬያለሁ። ባለቤቴ ሁለተኛ ቅርንጫፍ እንክፈት ይላል፣ እኔ ደግሞ ወደ ድሮው ልመለስ ወይ እያልኩ ነው። ሂሳቤን አያይዤ ልኬያለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባት፣ ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹን ተያቸው። ብሩ የት እንደገባ አንቺው በላክሽው ወረቀት ላይ አለ።

ድሮ በወር 540,000 ትሸጪ ነበር። ከመቶ ብር ሽያጭ 15 ብር ታተርፊያለሽ፣ 81,000 ማለት ነው። ኪራይ፣ መብራትና ደሞዝ 45,000 ሲቀነስ 36,000 ይተርፍሻል። አሁን ሽያጭሽ 900,000 ነው፣ ትርፉ ግን ከመቶ 13 ሆኗል፣ 117,000። ወጪሽ ከነባንኩ ክፍያ 98,000። በእጅሽ 19,000 ቀረ። የባንኩ ዕዳ አንድ ቀን ያልቃል፣ እሱ ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ 15ቱ 13 መሆኑ ነው።

በርበሬና ሽሮ ዋጋውን የምትቆርጪው አንቺ ነበርሽ፤ የእናትሽ ሱቅ በርበሬ በሙያው ይታወቃል እንጂ ማዶ ካለው ሱቅ ጋር በብር አይወዳደርም። የታሸገ ፓስታና ዘይት ግን ዋጋውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ አምስት ብር ብትጨምሪ ደንበኛሽ መንገድ ይሻገራል። አንቺ የሚያተርፈውን አውጥተሽ የሚያምረውን ደረደርሽ። (ፍሪጁ ውስጥ ያለው ከውጭ የመጣ ቺዝ ስንት ወሩ ነው?)

ሌላው የዕቃ ክምችት ነው። ድሮ ሱቅሽ ውስጥ ያለው ዕቃ 300,000 ብር ገደማ ነበር፣ በ20 ቀን ተሸጦ ያልቃል። አሁን 1,200,000 ብር መደርደሪያ ላይ ተኝቷል፣ አልቆ ብር እስኪሆን 46 ቀን ይፈጃል። አከፋፋዩ ግን 46 ቀን አይጠብቅሽም። እጅ የሚያጥርሽ ለዚህ ነው።

ዱቤውን በአንዴ መቁረጥሽ አንድ ታሪክ አስታወሰኝ። ጄሲ ፔኒ የሚባል ትልቅ የአሜሪካ መደብር አለ። በፈረንጆቹ 2011 መጨረሻ ሮን ጆንሰን፣ የአፕልን ሱቆች ያሳደገው ሰውዬ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ መጣ። በ2012 ኩፖኑን፣ ማለትም ዋጋ የሚያስቀንሰውን ወረቀት፣ እና የቅናሽ ቀኑን ጠራርጎ አስወጣ፤ ጥቂት ሱቅ ላይ እንኳን ሳይሞክረው፣ በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ። ለእነዚያ ደንበኞች ኩፖን ማለት ላንቺ ሰፈር ዱቤ እንደማለት ነበር። በዚያው ዓመት ሽያጩ ከ17 ቢሊዮን ዶላር ወደ 13 ቢሊዮን ወረደ፣ ኪሳራው አንድ ቢሊዮን ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ሰውየው በሚያዝያ 2013 ተሰናበተ።

አንቺ እንኳን ሽያጭሽ አልወረደም፤ ስለዚህ ወደ ድሮው መመለስ የሚባለውን እርሺው። ማሽኑን ግን አሠሪው፣ ለጌጥ አልገዛሽውም። 60 ቀን ያልተነካውን ዕቃ ዝርዝር አውጪና በገዛሽበት ዋጋም ቢሆን ሽጪው፣ ከዚያም በታች ቢሆን፤ ብሩ ይፈታልሽ። አንድ መደርደሪያ አስለቅቀሽ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ምስሩን መልሺ፣ አሽገሽ በራስሽ ስም ብትሸጪው ደግሞ ጎሽ። ዱቤውን ለምታምኛቸው ለአምስት ስድስት ቤተሰብ ብቻ፣ ጣራ አበጅተሽለት ክፈቺ፣ ደሞዝ በወጣ ማግስት በቴሌብር ይላኩልሽ። እነሱ እኮ የወር አስቤዛቸውን በሙሉ ካንቺ ነበር የሚገዙት።

ቅርንጫፉን በተመለከተ፣ ባለቤትሽ ትንሽ ይታገስ። ከመቶ 13ቱ ወደ 15 ሳይመለስና የዕቃው ዕድሜ ከአንድ ወር በታች ሳይወርድ ሁለተኛ ሱቅ መክፈት ይህንኑ ቀዳዳ ሁለት ማድረግ ነው። እሁድ ከሰዓት ዝጊና ቆጠራ ጀምሩ። እሱንም ይዘሽው ግቢ፣ ዘይቱን እሱ ይቁጠር።